ከመሐላው በፊት፣ ለወንድሜ ልጅ

የወንድሜ ልጅ፣ የዜግነት ማመልከቻህን አስገብተህ አሻራ እንደሰጠህ አባትህ ደውሎ ነገረኝ። እሰይ! ወዲያው ደግሞ «እስቲ አንቺ ምከሪው፣ እኔን እንደሆነ አይሰማኝም» አለኝ። እኔን ትሰማኛለህ ብዬ አይደለም። በስልክ የተነገረ ምክር ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ስለሚዘጋ በጽሑፍ ይድረስህ ብዬ ነው። ቁጥር የሰጠሁትም ስትከራከረኝ «ሦስተኛው ላይ አልስማማም» ብለህ እንድትጠራው ነው፤ መከራከርህ እንደማይቀር አውቃለሁ።

1. ከፈተናው ልጀምር፣ አሁን እንቅልፍ የሚነሳህ እሱ ነውና። ማመልከቻቸውን ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ያስገቡ ሰዎች የሚያጠኑት 128 ጥያቄ ነው። ኦፊሰሩ 20 ይጠይቅሃል፤ 12 ከመለስክ አለፍክ። እኔ ስፈተን ጥያቄው 100፣ የሚጠየቀው 10፣ ማለፊያው 6 ነበር። የአንተ ጭንቅላት ይህን በሳምንት ይጨርሰዋል፣ እሱ አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ ፈተናው የማይጠይቅህ ነገር ነው። ስለ ቴክሳስ ሴናተሮች ይጠይቅህ ይሆናል፤ በዳላስ ሲቲ ካውንስል ሰፈራችሁን ቪከሪ ሜዶን የሚወክለው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅህ የለም። ለእህቶችህና ለወንድሞችህ ትምህርት ቤት በጀት የሚያጸድቁት ዘጠኝ የዳላስ አይኤስዲ ትረስቲዎች ናቸው፤ የእናንተው የትኛው ነው? ጎረቤትህ ኪራይ ሲያጎድል ይውጣ አይውጣ ብሎ የሚፈርደው ዳኛስ? እሱም በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ሰው መሆኑን ታውቃለህ? እነዚህን መልሶች ከፈተናው ወረቀት ጀርባ ጻፋቸውና አብረህ አጥና።

2. «አክስቴ፣ ኢትዮጵያዊነቴን መካድ አይሆንብኝም ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሕጉን በማለባበስ አላታልልህም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜጋ ስትሆን የኢትዮጵያ ዜግነትህ ይቀራል። ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ ያመጣው የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 ነው፤ በእሱ ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ትሠራለህ፣ መምረጥና መመረጥ ግን አይሰጥህም። ይህ ያማል፣ ያመኝ ነበርና። አንድ ቀን አልቅስለትና ይብቃህ። ስንት ወገናችን እዚያም መምረጥ የማይችል፣ እዚህም መምረጥ ያልጀመረ ሆኖ ሃያ ዓመት ይኖራል! አንተ እንደዚያ እንዳትሆንብኝ።

3. መሐላውን እስክትምል ድረስ የመራጭ ምዝገባ ቅጽ በእጅህ እንዳትነካ። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ወይም ስታሳድስ «በመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ግሮሰሪ በር ላይ ወረቀት የያዘ ፈገግተኛ ሰው ያስቆምሃል። ግሪን ካርድ ይዞ «ዜጋ ነኝ» ብሎ መፈረም፣ ከዚያ አልፎ ድምፅ መስጠት፣ ማመልከቻን ከማስጣል እስከ ከአገር መባረር ያደርሳል። «ሳላውቅ ነው» የሚል መልስ ብዙም አያድንም።

አፍህን ዝጋ ማለቴ ግን አይደለም። በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ለመናገር፣ በትምህርት ቤት ቦርድ ፊት ቀርቦ ለመጠየቅ፣ 311 ደውሎ ለማመልከት ዜጋ ሁን የሚል የለም። ረቡዕ ዕለት ከፓርክ ሌን ጣቢያ በቀዩ ወይም በብርቱካናማው መስመር ባቡር ተሳፍረህ አካርድ ብትወርድ ሲቲ ሆል በእግርህ ትደርሳለህ። ገብተህ ተቀመጥ። ለሕዝብ ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሦስት ደቂቃ ትንሽ ትመስልሃለች፤ ሰዓቱ እየቆጠረ ማይክ ፊት ስትቆም ግን አዘጋጅቶ የመጣና ሳያዘጋጅ የመጣ ወዲያው ይለያል።

4. ሁለት ዓመት የተማርክበት ሃይስኩል ኮንራድ ይባላል። እህትህ ታስቢ ትማራለች፣ ትንሹ ጃክ ሎው ነው። ሦስቱ ስሞች ቤታችሁ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይጠራሉ፤ እነማን ነበሩ ብሎ የጠየቀ ግን ከእናንተ መካከል አላገኘሁም። እስቲ ልንገርህ፤ ለምክሬ ሌላ ምሳሌ መፈለግ አላስፈለገኝም።

ሳም ታስቢ ጥቁር አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ካለ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎ እንኳ ዳላስ ውስጥ የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት ገና አልተቀላቀለም ነበር። በ1970 ታስቢ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ የትምህርት ቤቶቹን አስተዳደር ከሰሰ። መዝገቡ «ታስቢ በኤስቲስ ላይ» ይባላል፤ ኖላን ኤስቲስ የያኔው ሱፐርኢንቴንደንት ናቸው። የወላጆቹ ጠበቃ ኤድዋርድ ክላውትማን ነበር። ክሱ ስንት ጊዜ የፈጀ ይመስልሃል? 33 ዓመት። የፌዴራል ዳኛው ቤርፉት ሳንደርስ ትምህርት ቤቶቹን ከፍርድ ቤት ቁጥጥር የለቀቁት በ2003 ነው። ያኔ የታስቢ ልጆች ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ሰውየው የከሰሰው ለልጆቹ ብሎ ነው፤ የተጠቀመበት ግን እንደ እናንተ ያለ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

ኤሜት ኮንራድ ደግሞ ሐኪም ነበር፣ ቀዶ ጠጋኝ። በ1967 ለዳላስ ትምህርት ቤቶች ቦርድ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ዘመኑን ልብ በል፦ ታስቢ አስተዳደሩን ሲከስ ኮንራድ በዚያው አስተዳደር ቦርድ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ከውጭ ሆኖ በፍርድ ቤት ይጎትታል፣ ሌላው ከውስጥ ሆኖ በብዙ ነጮች መካከል እጁን ያወጣል። ጃክ ሎው ነጭ ነጋዴ ነበር፤ ዛሬ ቲዲ ኢንዱስትሪስ የሚባለውን የኤሲ ሥራ ኩባንያ የመሠረተ ሰው ነው። ከተማው ሊሰነጠቅ ሲል ነጭ፣ ጥቁርና ሜክሲኮ አሜሪካዊ የተቀመጡበትን ግብረ ኃይል መራና በ1976 ለያኔው ዳኛ የቀረበውን የማቀላቀያ ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱን የጠላው ብዙ ነው፣ ከጥቁሩም ከነጩም።

አሁን የሁለቱ ስም ፌር ኦክስ ጎዳና ላይ በሁለት ሕንጻ ተጽፏል፣ የሦስተኛው እዚያው አጠገብ ሆሊ ሂል ላይ ነው። ከሳሽ፣ የቦርድ አባልና ሸምጋይ። ሦስቱን አንድ ቤት ብታስቀምጣቸው ይስማሙ ነበር ብዬ አልምልም። አንተም ወደፊት ከሦስቱ የትኛውን እንደምትመስል ባሕርይህ ይወስናል፤ ብቻ ሰልፍ የማይወጣውን ፈሪ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ባንዳ፣ የሚሸመግለውን አድርባይ አትበል። ይህ የስም አወጣጥ የእኛ ሰው ትልቅ በሽታ ነው።

5. «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ታስቢ ንጉሡን ከሰሰ፤ ስሙንም ትምህርት ቤት ላይ ጻፉለት። ይህን ለመቀበል ለእኔ ዕድሜ ጊዜ ይወስዳል።

ቡና ላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚሉህን ታላላቆችህን አትፍረድባቸው፣ ዝምታውን ያስተማራቸው አለ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን የተደረገው ክርክር ሰውን ሁሉ ተንታኝ አድርጎት ነበር፤ ሊስትሮው ስለ መሬት ፖሊሲ፣ ሻይ ሻጯ ስለ ወደብ ታወራ ነበር። በምርጫው ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰለፍን፣ ሌሊት የመረጠም አለ። በአዲስ አበባ ተቃዋሚው ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። ያን ያህል የጋለ፣ ያን ያህልም የተዘጋጀ ሕዝብ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ቀጥሎ የሆነውን ታውቃለህ፤ በሰኔና በጥቅምት ጥይት ተተኮሰ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠረው ሟች ሰላማዊ ሰው 193 ነው፣ የተመረጡትም ታሰሩ። ከተማውን መረከብ ነበረባቸው አልነበረባቸውም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ሁለት ሰው ያጣላል፣ እኔ የያዝኩትን አቋም ስንገናኝ እነግርሃለሁ።

ስለዚህ በእናንተ ሕንጻ ያለ የእኔ ዘመን ሰው ስሙ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ካልወደደ ሰነፍ ነው አትበል። እሱ የሚያውቀው መዝገብ የቀበሌ መዝገብ ነው፤ ስም ሲጻፍ በኋላ ሰው ይፈለግበት ነበር። አንተ ግን ያንን ፍርሃት በውርስ አትቀበል። መርጠህ መታሰር የሌለበት ከተማ ውስጥ እየኖርክ ሳትመርጥ ብትቀር ለእነዚያ ሰልፈኞች ምን ትላቸዋለህ?

6. ወኔ የለህም አልልህም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ዩቲዩብ ላይ ስትከራከር የሚያይህ ስንት ሰው እንደሆነ አባትህ ነግሮኛል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ያ ወኔ አድራሻው የት ነው?

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርህ። ኤች.አር. 2003 እየተባለ የሚጠራው ስለ ኢትዮጵያ የተረቀቀ ሕግ በኦክቶበር 2007 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። ከዚያ ብዙ ዓመት ጮኽን፣ ዋሽንግተን ድረስ በአውቶቡስ ሄድን። በኤፕሪል 10 ቀን 2018 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው ውሳኔ ቁጥር 128 በዚያው ምክር ቤት አለፈ። አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፣ ግን አለፈ። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ናቸው፤ እንዲያልፍ ሲወተውቱ ከነበሩት ዋነኛው የኮሎራዶው ማይክ ኮፍማን። ኮፍማን ኢትዮጵያን ከእኔና ከአንተ አብልጠው ወደው ነው? ወረዳቸው ውስጥ አውሮራ ነበረች፤ አውሮራ ደግሞ ዜጋ የሆነ፣ የተመዘገበ፣ ቢሮ ቀጠሮ ይዞ የሚሄድ ብዙ ሐበሻ ነበራት። ሰውየው ብርቱ ፉክክር ባለበት ወረዳ የሚወዳደሩ ነበሩ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበርም ተሸነፉ። የሰሙን በጩኸታችን መጠን ሳይሆን በዚፕ ኮዳችን ነው።

አየህ፣ ለአገር ቤት ጉዳይ እንኳ መንገዱ በምትኖርበት ሰፈር ያልፋል። ቪከሪ ሜዶ ውስጥ የመንገድ መብራት ሲጠፋ ለማን እንደሚደወል የማያውቅ ሰው፣ ስለ ዓባይ ለኮንግረስማን ጽፎ መልስ ቢያጣ አይግረመው።

ደግሞ ይህን ልጨምር። በእናንተ ፎቅ ላይ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ትግሬ፣ ኤርትራዊ፣ ከዚያም የበርማና የኮንጎ ሰው አለ። በዩቲዩብ የማትስማሙት ሁሉ ጁላይ ላይ በአንድ ኤሲ ብልሽት ትቀቀላላችሁ። አቤቱታውን አብራችሁ ፈርሙ። ስለሌላው ቀስ ብላችሁ ትጣላላችሁ።

7. ማን ምን እንደሚሠራ ለይተህ እወቅ፤ ግማሹ ንዴታችን የተሳሳተ በር የሚያንኳኳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም የእናንተን ሰፈር ስም ያወቀው በኢቦላ ነው። ቶማስ ኤሪክ ዳንከን የሚባል ላይቤሪያዊ ቪከሪ ሜዶ አንድ ቤተሰብ ዘንድ አርፎ ታመመ፤ በአሜሪካ ምድር ኢቦላ የተገኘበት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፣ በኦክቶበር 8 አረፈ። በዚያ ሰሞን ቪከሪ ሜዶ እኖራለሁ ማለት ሥራ ቦታ ፊት ያስዞር ነበር። ወሬው ብዙ፣ እውቀቱ ትንሽ ነበር፤ በሽታው ምልክቱ ካልታየበት ሰው እንደማይተላለፍ፣ ክትትሉም 21 ቀን እንደሆነ የጤና ሰዎች በየቀኑ ቢናገሩም የሚሰማ አልተገኘም። ያኔ አንድ ሰው ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል አፓርትመንቱ ገብቶ፣ ዳንከን ያረፈበትን ቤተሰብ በራሱ መኪና አሳፍሮ ወደ ሌላ ቤት ወሰዳቸው። ክሌይ ጄንኪንስ ይባላሉ፣ የዳላስ «ካውንቲ ጀጅ»። ጀጅ የሚለውን ሰምተህ ችሎት አትጠብቅ፤ በቴክሳስ የካውንቲው አስተዳዳሪ ማዕረግ ነው፣ የአደጋ ጊዜ ኃላፊም እሳቸው ናቸው፣ በድምፅ የሚመረጥ ሥልጣን ነው። ያን ቀን ደፋርና ሳይንሱን የሚያምን ሰው እዚያ ወንበር ላይ መገኘቱ በአጋጣሚ አልነበረም፤ ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ስማቸውን የመረጡ ሰዎች ነበሩ።

ሌላ በር። ኤሲ ተበላሽቶ ሊዚንግ ኦፊሱ «ነገ» እያለ ሲያመላልስህ ጉዳዩ የደግነት አይደለም። የዳላስ ከተማ ደንብ አከራይ ከኤፕሪል 1 እስከ ኖቬምበር 1 መኖሪያ ክፍሎችን ከውጭው በ15 ዲግሪ ማቀዝቀዝ፣ ያም ሆኖ ከ85 ዲግሪ ፋረንሃይት እንዳያልፍ ማድረግ የሚችል ማቀዝቀዣ እንዲኖረው ያዛል። ይህን የጻፈው ዋሽንግተን አይደለም፣ ኦስቲን አይደለም፤ አንተ ባቡር ተሳፍረህ የምትደርስበት የከተማ ምክር ቤት ነው። ኪራይህን በሰዓቱ ክፈል፤ የቴክሳስ ሕግ ኪራይ ያጎደለ ሰው ጥገና እንዲጠይቅ አያግዝም። ጥያቄህን በጽሑፍ አድርግ፣ ቀኑን ጻፍ፣ ኮፒ አስቀር፣ ከዚያ 311። ለከተማው አመለከትክ ብሎ አከራይ በስድስት ወር ውስጥ ቢበቀልህ እሱም በሕግ ይጠየቃል።

ሦስተኛው በር ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ ነው። ቤት ልቀቅ የሚለው ክስ የሚሰማው እዚያ ነው። በየአራት ዓመቱ ይመረጣል፣ በቴክሳስ ሕግ ጠበቃ መሆን እንኳ አይጠበቅበትም። ተከራይ በሞላበት ሰፈር ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ የዕለት ኑሮን የሚነካው ይህ ሰው ነው፤ ስሙ ግን የምርጫው ወረቀት ግርጌ ላይ ነው፣ እዚያ ደርሶ የሚያነብ ጥቂት ነው።

8. «አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች» ትለኛለህ። በዳላስ ታሪክ ልመልስልህ። ድሮ የከተማው ምክር ቤት አባላት ከፊሎቹ በመላው ከተማ ድምፅ ይመረጡ ስለነበር ጥቁርና ላቲኖ እንደ ብዛቱ ወንበር አያገኝም ነበር። ሮይ ዊሊያምስና ማርቪን ክሬንሾ ከሰሱ፤ ዳኛ ጄሪ ቡክማየር በ1990 አሠራሩ መብት ይጥሳል ብለው ፈረዱ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር «14 ወረዳና አንድ ከንቲባ» የሚለው ሐሳብ ለሕዝብ ቀርቦ ተሸነፈ፤ ልዩነቱ ከ400 ድምፅ አይበልጥም። ከአንድ የቪከሪ ሜዶ አፓርትመንት ግቢ ሊወጣ የሚችል ሰው ነው። ሐሳቡ በሚቀጥለው ዓመት በሥራ ላይ የዋለው ክሱ ስለነበረ ነው፤ ዛሬ ድረስ ከተማው የሚተዳደረው በእሱ ነው።

በሜይ 2023 ከንቲባና ምክር ቤት ሲመረጥ ከአሥር ተመዝጋቢ አንዱ እንኳ አልወጣም። አስበው፤ አብዛኛው ሲተኛ የነቃው ድምፅ ይወፍራል። ቪከሪ ሜዶ ለዓመታት 13ኛ ወረዳ ውስጥ ከፕሬስተን ሆሎው ባለጠጎች ጋር ተደርቦ የኖረ ሰፈር ነው፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቡሽ ከሚኖሩበት ሰፈር ጋር። ሳጥኑ ውስጥ የአንተም የእሳቸውም ወረቀት አንድ ነው። እነሱ ግን ይወጣሉ። የመንገዱ ጥገና ቀድሞ ወደየት እንደሚሄድ አይተህ ታውቃለህ።

ያንን ወንበር ራስህ ትፈልገው እንደሆነ ደግሞ ኦባላ ኦባላን አስብ። የጋምቤላ ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003ቱ ጭፍጨፋ ሸሽቶ ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ያደገ። አሜሪካዊ ዜጋ በሆነ በዓመቱ፣ በኖቬምበር 2020፣ ኦስቲን በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ምክር ቤት ተመረጠ። የእኛው ኦስቲን አይደለችም፣ ትንሿ ናት፤ ቢሆንም።

9. ሳታውቅ አትምረጥ። ይህን ስል አንዳንዶቹ ይቆጡኛል፣ «ይውጣ ብቻ» ይላሉ። እኔ ግን ዕድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ያየሁት አለ፤ ሒሳቡን ሳይሰማ እጁን የሚያወጣ አባል ካልመጣው ይብሳል፣ የቀረው ቅጣቱን ይከፍላል፣ የመጣው ግን ዕድሩን ያስከፍላል።

በቴክሳስ ከ2020 ጀምሮ በአንድ ምልክት ፓርቲውን በሙሉ መምረጥ ቀርቷል፤ የዳላስ ካውንቲ ወረቀት ደግሞ ረጅም ነው፣ የዳኞቹ ብዛት ብቻ ያታክትሃል። ናሙናውን አስቀድመህ ከካውንቲው ምርጫ ጽሕፈት ቤት አውጣ፣ የሊግ ኦፍ ዉመን ቮተርስን የመራጮች መመሪያ ያዝ፣ ፓርክ ሌን ካለው ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለህ አንድ ማታ ጨርሰው። ያላወቅከውን ባዶ ተወው፤ ባዶ መተው ወረቀቱን አያበላሽም። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ማስታወሻህን በወረቀት ጻፍ። በማርች የሚደረገውንም የፓርቲዎች የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አትናቅ፤ ቴክሳስ ፓርቲ አስመዝግብ አይልህም፣ በብዙ ወረዳ እውነተኛው ውድድር ያኔ ያልቃል። የኮንግረስ ወረዳዎቹ ካርታ በ2025 እንደገና ስለተሰመረ ደግሞ «የኛ ኮንግረስማን እገሌ ነው» ብለህ አትገምት፣ አድራሻህን አስገብተህ እይ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ዩቲዩብ ጥሩ ነው፣ ግን ሥሩ አይደለም።

10. ጁሪ ተጠርተህ ደብዳቤ ሲመጣ ከማስታወቂያው ጋር እንዳትጥለው። እስከ መሐላው ድረስ ዜጋ አይደለሁም ብለህ መልስ፤ ከዚያ በኋላ ሂድ።

11. በየሕንጻው ያሉትን እማማዎችና አባባዎች አስብ። ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸው በግሪን ካርድ ሃያ ዓመት የኖሩ፣ ወይም ሃምሳ አምስት ሞልቷቸው አሥራ አምስት ዓመት የኖሩ ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ናቸው፤ የዜግነቱን ጥያቄ በአስተርጓሚ በአማርኛ መመለስ ይችላሉ። ስንቱ ይህን ሳያውቅ «እንግሊዝኛ አልችልም» ብሎ ተቀምጧል! ዜጋ ከሆኑ በኋላም ዳላስ ውስጥ ወረቀቱ በአማርኛ አይታተምም። ነገር ግን የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ አንቀጽ 208 ማንበብ የማይችል መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ካልሆነ በቀር ማንም ይሆናል። ልጅ ይሆናል፣ ጎረቤት ይሆናል፣ አንተ ትሆናለህ። ቴክሳስ ከረዳቱ ቃለ መሐላና ቅጽ ይጠይቃል፣ አትደንግጥ፣ ፈርም። አንብብላቸው፣ የነገሩህን ምልክት አድርግ፤ በመኪና ስታመላልሳቸውም ማንን እንዲመርጡ እንዳትነግራቸው። ብትነግራቸው ይሰሙሃል፣ ስለሚወዱህ፤ ክፋቱ እሱ ነው።

12. የመጨረሻው የስም ነገር ነው፣ እኛን የሚያስቸግረን። የአባትህ ስም አንዱ ወረቀትህ ላይ የመካከለኛ፣ ሌላው ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፏል፤ የአያትህ ስም ደግሞ በሁለት ዓይነት ፊደል። የዜግነት ሰርተፍኬትህ ላይ እንዲሆን የምትፈልገውን ከኢንተርቪው በፊት ወስን። መሐላው እንዳለቀ እዚያው በመራጭነት የሚያስመዘግቡ በጎ ፈቃደኞች እስከ 2025 ብዙ ጊዜ አይጠፉም ነበር፤ አሁን የሚያስመዘግብህ ካላገኘህ ቅጹን ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከፖስታ ቤት ውሰድ፣ ሞልተህ ፈርመህ ላክ። ከምርጫው ቢያንስ 30 ቀን በፊት መድረስ ወይም የፖስታ ማኅተም ማግኘት አለበት። ስምህን መንጃ ፈቃድህ ላይ እንዳለው አድርገህ ጻፍ። በእናንተ ሰፈር ሊዝ ሲያልቅ ሰው ከግቢ ግቢ ይዘዋወራልና፣ ከእነ አባትህ ሕንጻ ወደ ማዶው በር እንኳ ብትሻገር አድራሻህን ለካውንቲው አስተካክል። ካርዱ በፖስታ ሲደርስህ ፎቶውን ላክልኝ፤ አባትህ የራሱን ቅጽ ሳይልክ መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጠው አውቃለሁና፣ እሱንም አብረህ ጠይቀው።